በ«አል» እና በ«ም» መካከል

ዩሱፍ ታር መሞቱን የነገረኝ ሰው፣ ቀብሩም ማለፉን በዚያው አፉ ነገረኝ። እዚህ ሐርጌሳ ሬሳ አያድርም፤ ጠዋት የሞተ ሰው ከሰዓት በኋላ አፈር ይለብሳል። እኔ ያን ቀን አሕመድ ዳጋህ ሰፈር የሰው ጣራ ላይ ወጥቼ ዲሽ ሳስተካክል ነበር የዋልኩት። መርዶውን የሰማሁት ከመሰላሉ ስወርድ ነው። ሼክ ኑር ሰፈር ያለችው አንድ ክፍል ቤቱ ስደርስ ደጁ ላይ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው ቀና ብለው በሱማሌኛ «አንተ ደግሞ ምኑ ነህ?» አሉኝ። ዘመዱ አይደለሁም፣ ሃይማኖቴ ሌላ፣ አገሬም ሌላ። «አብሬው ሠርቻለሁ» ብዬ ተቀመጥኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

«ታር» የአባቱ ስም አይደለም። እዚህ አገር የረጅም ርቀት ሬዲዮን ታር ይሉታል። በጦርነቱ ዘመን ከተማው ውስጥ የሚሠራ ስልክ አልነበረም። ዘመዱ የተበተነበት ሰው ታር ቤት ይመጣና ስሙን ከነአያት ቅድመ አያቱ ተናግሮ፣ ማዶ ባለው ከተማ ያለው ታር ቤት ዘመዱን እስኪያስጠራለት ይጠብቃል። የዩሱፍ ታር ቤት ዋሄን ገበያ ጀርባ ነበረች፤ ሁለት ሬዲዮ፣ አራት የመኪና ባትሪ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ጺሙን ሂና የሚቀባ ሰው ነበር። ሽርጡን አገልድሞ፣ የሸሚዝ ኪሱን በትንንሽ የሬዲዮ መፍቻዎች ሞልቶ ይውላል። የመነጽሩ አንዱ እጀታ ተሰብሮ በኤሌክትሪክ ሽቦ ተተክቷል። ሰዉ ሁሉ የሚያውቀው ግን በአነጋገሩ ነው። ስትጠይቀው ወዲያው አይመልስም። አንዲት ትንፋሽ ያህል ያይሃል፣ ከዚያ ይናገራል፤ ተናግሮ ሲጨርስም ዓይኑን አይነቅልም፣ አንዲት ትንፋሽ ያህል ደግሞ ይቆያል። የማያውቀው ሰው ኩራት ይመስለዋል። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ «ይሄ ሰውዬ ቃል የሚያስመጣው ከበርበራ ወደብ ነው እንዴ?» ስትል ሰምቻለሁ። ሲፈጥረው ግን እንዲህ አልነበረም። እኔ ሳውቀው እንደ ጎርፍ ነበር የሚያወራው።

ያገኘሁት ጆንያ ተሸካሚ ሆኜ ነው። የመገናኛ ወታደር ነበርኩ። ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ኋላ መመለሱ አላዋጣኝም፣ ድንበሩን ተሻግሬ ዋሄን ውስጥ በጫንቃዬ አደርኩ። አንድ ቀን ሩዝ ተሸክሜ በዚያች ቤት ደጅ ሳልፍ ሬዲዮው እንደ በሽተኛ ሲያቃስት ሰማሁ። ማንም አይሰማኝም ብዬ በአማርኛ «አንቴናህን አይጥ በልቶታል» አልኩ። ከውስጥ በአማርኛ መልስ መጣ።

«አይጥ አይደለም፣ ጥይት ነው። ሩዝህን አውርድና ግባ።»

ድሬዳዋ ነው ያደገው። ሙያውን የለመደው እዚያው፣ ከአንድ አርመናዊ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። አማርኛው የድሬ አማርኛ ነው፤ «አቦ» ሳይል ዓረፍተ ነገር አይጀምርም። በመጀመሪያው ሳምንት አንቱ ስለው ከት ብሎ ሳቀ። «አቦ ተወኝ! ድሬ ውስጥ አንቱ የሚባለው ባቡሩ ብቻ ነው።» እኔን «ወታደር» ይለኝ ነበር፤ ስሜን የሚያውቀውም አይመስለኝም። ረቡዕና ዓርብ ስጾም ያሾፍብኛል። «ጾምህ እንደዚህ ሬዲዮ ነው፤ ሥጋ ሲሸትህ ይቆራረጣል» ይላል። ሚስቱ ሳህራ ግን በእነዚያ ቀኖች ዘይት ብቻ የነካ ሩዝ ለይታ ትልክልኝ ነበር። ልጅ አልነበራቸውም።

የእኔ ሥራ የጅግጅጋው መስመር ነበር። በጅግጅጋ በኩል ያለችው አስናቀች የምትባል የደጋ ሴት ናት፤ ሱማሌኛ አታውቅም፣ አማርኛዋን ግን እንደ መትረየስ ትተኩሰዋለች። እዚህ ጋ ስለ ሬዲዮው አንድ ነገር ልናገር። ማይክራፎኑ ላይ ቁልፍ አለ። ስትጫነው ትናገራለህ፣ ስትለቀው ትሰማለህ። ያረጀ ሬዲዮ ግን ቁልፉን እንደተጫንከው አይነቃም፤ ትንሽ ይዘገያል። ችኩል ሰው እየተጫነ ከተናገረ የቃሉ ራስ ይቀራል፤ ሳይጨርስ ከለቀቀ ደግሞ ጅራቱ ይቀራል። አስናቀች ቁልፉና አፏ እኩል ነበር የሚከፈቱት፣ እኩል ነበር የሚዘጉት። ለምደናት እንስቅባት ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ ከተማው ውስጥ ገባ። አንድ አባት ያላቸው ሰዎች ሰፈር ለይተው ተታኮሱ። ሰው ፍራሹን አህያ ላይ እየጫነ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ጎረፈ። ዩሱፍ አልሄደም። «ሰዉ ሁሉ ከሸሸ በኋላ ማን የት እንደደረሰ የሚጠየቀው ማን ነው? ግድግዳው?» አለ። ሳህራን ግን በግድ ወደ ጅግጅጋ ላካት። ዕቃ የጫነ አሮጌ ኤንትሬ መኪና ላይ፣ ከሌሎች ሴቶች ጋር፣ ከላይ ተቀመጠች። ሁለት ጀሪካን ውሃ ይዛ ነበር። መኪናው ሊነሳ ሲል አንዱን ለእኛ አወረደችው፤ «ከተማ ውስጥ ውሃ ጠፍቷል፣ እኛ እኮ ነገ እንደርሳለን» አለች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጃማ የሚባል የውሃ ቦቴ ሾፌር መጣ። ቦቴው ሞልቶ ቆሟል። «መንገድ ላይ አንድ ኤንትሬ ተሰብሮ ቆሟል የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። እነ ሳህራ እንዳይሆኑ። ልሂድ?» አለ። ዩሱፍ ዞር ብሎ «ጥራት» አለኝ። ጅግጅጋን ጠራሁ። ጫጫታ ነበር፣ ሞገዱ እየከዳ ነበር።

«አስናቀች፣ እነ ሳህራ ደረሱ ወይ?»

«ደረሱ» የሚል ቃል ወጣ። ከዚያ ሬዲዮው ጥቂት ሿ ሲል ቆየና ጠፋ።

«ደረሱ!» ብዬ ጮህኩ። ዩሱፍ እዚያው ሲሚንቶው ላይ በግንባሩ ተደፋና አልሐምዱሊላህ አለ። ተነሥቶ ጃማን አቀፈው። «ደርሰዋል፣ አትድከም። ውሃውን ለሆስፒታሉ ውሰድላቸው» አለው። ጃማም ሄደ። ያን ቀን ከሳህራ ጀሪካን ሻይ አፍልተን ጠጣን።

መስመሩ ለሁለት ቀን ሞተ። በሁለተኛው ቀን ማታ ላይ ጅግጅጋ ተመለሰች። አስናቀች እንደ ልማዷ ተንጣጣች፤ «ኧረ ምነው፣ እነ ሳህራ እስካሁን? ያን ቀን አልደረሱም ብያችሁ አልነበር?»

ጃማ በዚያው ሰዓት ተነሣ። ተመልሶ ሲመጣ ከመኪናው ሳይወርድ ነው የነገረን። ኤንትሬው ከነሸክሙ ሜዳ ላይ ቆሟል። ከሥሩ ጥላ ውስጥ ከነበሩት ግማሾቹን በሕይወት አግኝቷቸዋል። ሳህራ ግን የለችም። ከአንድ ቀን በፊት ባዶውን ጀሪካን ይዛ ውሃ ፍለጋ ወጥታለች። ጃማ በጠየቀ ዕለት ሄዶ ቢሆን ኖሮ፣ ከሌሎቹ ጋር ጥላው ሥር ተቀምጣ ያገኛት ነበር። ይህንን ማንም አልተናገረውም፤ ሦስታችንም ግን እናውቀዋለን።

ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። ዩሱፍ ግን የካርቶን ቁራጭና ከሰል ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። «አልደረሱም» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በአውራ ጣቱ የፊቱን «አል» አበሰው፣ የኋላውን «ም» አበሰው። «ደረሱ» የሚል ቀረ። ከሥሩ «አልሞተም» ብሎ ጻፈና ዳር ዳሩን አበሰ። «ሞተ» ሆነ። «አልቆሰለም» «ቆሰለ» ሆነ። ካርቶኑ እስኪሞላ ድረስ እንዲህ አደረገ።

«አቦ፣ ይሄ አማርኛችሁ» አለ፣ የሱም አማርኛ መሆኑን ረስቶ። «‹አይ› የሚለውን ለሁለት ሰንጥቆ፣ ግማሹን በር ላይ፣ ግማሹን ጓሮ ያስቀምጠዋል። ሌባ ደግሞ የሚገባው በበርና በጓሮ ነው። ሱማሌኛ ቢሆን ግሱ ራሱ መልኩን ይለውጥ ነበር።» ካርቶኑን ግድግዳው ላይ ሰቀለው። «ጥፋቱ የአንተ አይደለም። የእሷም አይደለም። የቁልፉ ነው።»

«እንግዲያው ሰዉን እናስተምረው» አልኩት። «ተጫኑ፣ አንድ በሉ፣ ከዚያ ተናገሩ እንበል።»

«ልጁ የጠፋበት ሰው አንድ ሁለት ብሎ ይቆጥራል? ዕቃ መሥራት ያለበት ሰው ሲደነግጥ ነው፣ ወታደር። ሰው ተረጋግቶ ሳለማ ምኑም ይሠራል።»

ሳጥኑን የጀመረው በዚያ ሳምንት ነው። ሳጥን እንላለን እንጂ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነበር። በተተኮሰባቸው ሬዲዮዎች ሆድ ውስጥ የተረፈውን ሁሉ እየነቀለ፣ ስታኞውን፣ የብየዳውን እርሳስ፣ እያቀለጠ፣ ከቁልፉና ከሬዲዮው መካከል የሚገባ ነገር ሠራ። በላዩ አረንጓዴ አምፖል አለው። አምፖሉ የሚበራው ቁልፉን ስትጫን አይደለም፤ ሞገዱ በእርግጥ አንቴናው ላይ ሲወጣ ነው። እሱ ሳይበራ ማይክራፎኑ ድምፅህን አይቀበልም፣ ጮኸህ ብትሞት አይቀበልም። ቁልፉን ስትለቅም እሱ አይለቅም፤ አንዲት ትንፋሽ ያህል በሩን ከፍቶ ይቆያል፣ ጅራቱ እስኪወጣ።

መሞከሪያው እኔ ነበርኩ። ቤቱን አሥር ጊዜ ዞሬ እያለከለክሁ እንድናገር ያደርገኛል። ዓይኔን ጨፍኜ፣ በግራ እጄ፣ ጀርባዬን እየደበደበኝ። ቆርቆሮውን ከጣራ ይወረውረዋል፣ አሸዋ ውስጥ ይቀብረዋል፣ አህያ ላይ ጭኖ ሰፈሩን ያዞረዋል። አንድ ቀን ሸክላ የተሸከሙ ሴቶች ቆመው አህያዋ ስትራመድ ቆርቆሮው ኳ ኳ ሲል ሰሙና በሳቅ ፈረሱ። ዩሱፍም ሳቀ። ከሳህራ በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፣ ሌላ አላስታውስም። ከሁሉ የገረመኝ ግን እሱ ራሱ መለወጡ ነው። ሳጥኑን እየሠራ፣ ሳጥኑን ሆነ። ሲናገር ፊትና ኋላ መቆየት የጀመረው በእነዚያ ወሮች ነው።

አንዱን ሳጥን ለአስናቀች ላክንላት። ሳህራን የሚፈልጉ ግመለኞች ነበሩ፤ በየኤላው፣ በየውሃ ጉድጓዱ፣ እየጠየቁ፣ ቢያንስ የሚቀበር ነገር እንዲያገኙ ዩሱፍ ለምኗቸው ነበር። ወሬያቸውን ይዘው ጅግጅጋ ይገባሉ የተባለበት ቀን ደረሰ። እኔ ጠራሁ። ዩሱፍ ከኋላዬ ቆመ። ከማዶ አስናቀች ከመናገሯ በፊት አንዲት ትንሽ ዝምታ ሰማሁ፤ ሳጥኑ ሠርቷል ማለት ነው።

«አልተገኘችም» አለች።

እንዲህ ጠርቶ የመጣ ቃል ከዚያች ሬዲዮ ወጥቶ አያውቅም። «አል» አለ። «ም» አለ፤ ከንፈሯ ሲገጥም ሁሉ ይሰማል። ዩሱፍ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። «ሙሉውን ሰማነው» አለ። ከዚያ ወጥቶ ፀሐዩ ላይ ቆመ።

የሚከተለው የሚያስደስት አይደለም። ወር ሳይሞላ የጅግጅጋ ድምፅ እንደ ጥንቱ መቆራረጥ ጀመረ። አስናቀችን ጠየቅኋት። «ፈታሁት» አለችኝ። «ደጄ ላይ ሠላሳ ሰው ተሰልፎብኝ አምፖል ሳይ ልዋል እንዴ? ያንቀረፍፋል እኮ!» ለዩሱፍ ስነግረው አልተናደደባትም። «እውነቷን ነው፤ ላጥረው» አለና ሌላ ሠራ። እሱንም ፈቱት። በርበራ የላክነውን ነጋዴው አምፖሉን ነቅሎ ለሱቁ ምልክት አደረገው። ከተማው ውስጥ ያለን የሥራ ባልደረባ ደግሞ «የሞተው ሞቷል፣ ሰው የሚፈልገው ቶሎ መስማት ነው» አለን። አንዲት ከባድ ጥይት ታር ቤቷን ስትመታ ካርቶኑም ሬዲዮውም ነደደ። አሕመድ ዳጋህ አንዲት ጓዳ ተከራየን፣ እሱም እንደገና ከዱቄት ወተት ቆርቆሮ ጀመረ።

ጦርነቱ ሲበርድ ስልክ መጣ፣ ከዚያም የእጅ ስልክ መጣ። ታር የሚጠራ ጠፋ። ዩሱፍ ወደ ብርካ ዞረ። ብርካ በየመንገዱ ዳር የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነው። ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ያደርግና ከላይ አንቴና ይተክላል፤ ማንም ሾፌር በመኪናው ሬዲዮ ሲያልፍ፣ ሦስት ጢት ካለ ሞልቷል፣ አንድ ጢት ካለ ደርቋል። «ደርቆስ ከሆነ ለምን ይጮሃል? ዝም አይልም?» አልኩት። እንዲያ ሲያፈጥብኝ አይቼው አላውቅም። ትንፋሹን ያህል ቆየና «ዝም ማለት ‹የለም› ማለት መሆን የለበትም» አለ። «ዝም ካለ ተበላሽቷል ማለት ነው። ‹የለም› የሚለው ሰው ‹የለም› ብሎ ይናገር!»

ጥሩ ዕቃ ነበር። በሙያዬ እምላለሁ፣ በሠራዊቱ ውስጥ እንኳ እንዲያ ያለ አላየሁም። አንዱም ግን ዓመት አልሞላም። የአንዱን ባትሪ ሰው ለፋኖስ ወሰደው። የአንዱን ሽቦ ለፍየል ማሰሪያ ቆረጡት። አንዱን የብርካው ባለቤት ራሱ ሰበረው፤ ደርቋል እያለ ስም አጠፋብኝ ብሎ ነው። ዩሱፍ በእግሩ ሄዶ ይለቅመዋል፣ አምጥቶ ያጥበዋል፣ ይጠግነዋል፣ ይመልሰዋል። እያረጀ ሲሄድ መልሶ መትከሉን ተወ። መጠገኑን ግን አልተወም፤ ማንም የማይተክለውን ዕቃ ሼክ ኑር ክፍሉ ውስጥ ይጠግን ነበር። ስሄድ መብራት ይዤ ከጎኑ እቀመጣለሁ። ሳህራ አልተገኘችም። እስከ መጨረሻው ከጅግጅጋ በኩል የሚመጣ ሾፌር ባየ ቁጥር ያስቆመው ነበር።

እኔ ደግሞ የምናገረው ነበረኝ። ስንት ዓመት አፌ ላይ መጥቶ ተመልሷል። መገናኛ ወታደር ሆኖ የሠለጠነ ሰው አንድ ነገር በደሙ አለ፤ የቃሉ ራስ ሲቆረጥ ቅጭ የሚል ድምፅ አለው፣ ያንን ከሰማህ «ይደገም» ትላለህ። ግዴታ ነው። ያን ቀን ከ«ደረሱ» በፊት ቅጭ ብሏል። ሰምቼዋለሁ። ሞገዱ ለመጥፋት ገና ትንሽ ጊዜ ነበረው፣ «ይደገም» ለማለት ይበቃ ነበር። ግን ደስታውን አብሳሪ መሆን አማረኝ። በዚያ ሁሉ መርዶ መካከል አንድ ጊዜ የምሥራች ልናገር አልኩ።

ባለፈው ረመዳን ማለቂያ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ነገርኩት። አጎንብሶ ሽቦ ሲልጥ ነበር።

«ጋሽ ዩሱፍ፣ ያን ቀን ጥፋቱ የቁልፉ አይደለም። መቆረጡን ሰምቼ ነበር። አላስደገምኳትም።»

ቀና አላለም። እንደ ልማዱ ቆየ። ከልማዱም አልፎ ቆየ፤ አልሰማኝም ብዬ ልደግመው ስል ሽቦውን አስቀመጠ።

«እኔም ሰምቼዋለሁ» አለ።

እሱ ያስቀመጠውን ሽቦ አነሣሁ።

«ከኋላህ ቆሜ አልነበር? ‹ይደገም በላት› ልልህ አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ተውኩት፣ ወታደር። ደረሱ የሚለው ጣመኝ። ብትደግመው እንዳይለወጥብኝ ፈራሁ።» መነጽሩን አውልቆ በሽርጡ ጠረገው። «ጃማ እኮ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።»